ጓሯችን ውስጥ የሠራነው የሪሞት መኪና መወዳደሪያ፦ ስለ አፈሩና ስለ ውሃው

ጓሯችን ውስጥ ያለውን የሪሞት መኪና መወዳደሪያ የሚያዩ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ መኪኖቹ ነው፤ ምን ያህል እንደሚሮጡ፣ በስንት እንደተገዙ፣ ባትሪያቸው ምን ያህል እንደሚቆይ ይጠይቁኛል። ስለ መሬቱ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ በዋነኛነት መጻፍ የምፈልገው ስለ መሬቱ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ከሱቅ ይገዛል፣ ሲሰበር ይጠገናል፣ ሲያረጅ ይለወጣል፤ መወዳደሪያውን መወዳደሪያ የሚያደርገው ግን አፈሩ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ እንዴት እንደተጠቀጠቀና ውሃው በየት በኩል እንዲወጣ እንደተደረገ ነው።

የምንኖረው በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዲካልብ ካውንቲ ነው። አካባቢው በቀይ አፈሩ የታወቀ ነው። ቅላቱ የመጣው አፈሩ ውስጥ ካለው የብረት ኦክሳይድ ሲሆን፣ አትክልት የሚተክል ሰው ሁሉ ይማረርበታል፤ ሲረጥብ ጫማ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ዶማ አያስገባም፣ የነካውን ነጭ ልብስ ደግሞ ሳሙና አያስለቅቀውም። ለእኛ ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ አፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አሸዋማ መሬት ላይ ያሉ ክለቦች እንዲህ ያለውን ሸክላማ አፈር በገልባጭ መኪና ገዝተው ያስመጣሉ፤ እኛ ግን ቆመንበት ነበር። በእርግጥ ሸክላማ አፈር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሀገራችንን ዋልካ የሚያውቅ ሰው ክረምት ሲገባ እንደሚያብጥ፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ እንደሚሰነጠቅ አይጠፋውም፤ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚሠራ መወዳደሪያ ብዙ አይዘልቅም። የጆርጂያው ቀይ አፈር በአብዛኛው ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ያለበት በመሆኑ ውሃ ሲጠጣ ብዙም አያብጥም፣ ሲደርቅም እንደ ዋልካ አይተረተርም፤ በጠባዩ የሚቀርበው ለደጋችን ቀይ አፈር ነው።

የመኪናውን መጠን ከመሬቱ ስፋት ጋር ማመዛዘን የመጀመሪያው ውሳኔ ነበር። እነዚህ መኪኖች በመጠን ይመደባሉ፤ ከእውነተኛው መኪና 1/28 የሆኑት ሳሎን ውስጥ ይነዳሉ፣ 1/8 የሆኑት ደግሞ ከ3 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑና ረጅም ቀጥታ መንገድ ስለሚፈልጉ ሰፊ ሜዳ ከሌለ አያስደስቱም። እኛ የመረጥነው 1/10 የሆነውን ነው፤ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። የሪሞት መኪና ረጅም ታሪክ አለው። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያውን የሪሞት መኪናውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በ1984 ደግሞ የካሊፎርኒያው ቲም አሶሺዬትድ አርሲ10 የተባለውን፣ የአሉሚኒየም ሻንሲና ዘይት ያለው ሾክ አብዞርበር የተገጠመለትን መኪና አወጣ። ከዚያ በኋላ በአፈር ላይ መወዳደር የልጆች መጫወቻ ብቻ መሆኑ ቀረ። በ2008 የወጣው የትራክሳስ ስላሽም ጥሩ መኪና ነው፤ ጎማዎቹ በአካሉ የተከለሉ ስለሆኑ ጎን ለጎን ሲጋጩ አይጠላለፉም፤ ለጀማሪ ልጅ ዛሬም እሱን እመክራለሁ።

ለመወዳደሪያው የተፈቀደልን ቦታ 22 ሜትር በ13 ሜትር ነው። «የተፈቀደልን» የምለው የባለቤቴ የጎመንና የጤና አዳም መደቦች እንዳይነኩ በግልጽ ስለተነገረን ነው። የመንገዱን ስፋት 2 ሜትር ብናደርገው ሁለት መኪኖች ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፤ ሦስት መኪኖች ደግሞ እየተጋፉ ያልፋሉ። በዚህ ስፋት ተጣጥፎ የሚሄደው መንገድ በአንድ ዙር 80 ሜትር ገደማ ይሆናል። የክለብ መወዳደሪያዎች ከዚህ በጣም ይሰፋሉ፤ ነገር ግን ጠባብ ቦታ መጥፎ ነው ብዬ አላምንም፤ በጠባብ ቦታ የሚያሸንፈው ባለ ኃይለኛ ሞተሩ ሳይሆን ኩርባውን አስተካክሎ የሚይዘው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጓሮውን ለመቆፈር የሚያስብ ሰው ዶማውን ከማንሣቱ በፊት ወደ 811 ይደውል። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ባለሙያዎች መጥተው ከመሬት በታች የተቀበሩትን መስመሮች በቀለም ያመለክታሉ፤ ቀይ ለኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ብርቱካናማ ለስልክና ለኬብል፣ ሰማያዊ ለመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ ነው። በእኛ ጓሮ ቢጫው መስመር አንዱን ጥግ አቋርጦ ያልፋል፤ ስለዚህ በዚያ ጥግ ላይ መቆፈርን ትተን ከላይ አፈር የሚደለደልበትን ከፍ ያለ ኩርባ አደረግንበት። የሰፈሩ ማኅበር ደንብ ያለበት ቤት ከሆነ ደንቡንም አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። የጎረቤት ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በሜታኖልና በናይትሮሜቴን ድብልቅ ነዳጅ የሚሠሩት ሞተሮች ጩኸታቸውም ጭሳቸውም አጥር አያግደውም፤ እኛ ጓሮ የሚገባው በባትሪ የሚሠራ መኪና ብቻ ነው።

አፈሩን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከሣሩ ሥር በታች የተወሰደ አፈር በጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ፣ ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት በደንብ ከተናጠ በኋላ ይቀመጣል። አሸዋው በደቂቃ ጊዜ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት ይከተላል፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። ሁሉም ሲረጋ ንብርብሩን በማስመሪያ መለካት ነው። የእኛ አፈር ከሚፈለገው በላይ ሸክላ ነበረው። ሸክላ ብቻውን ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅና ጎማ ሲመላለስበት ደግሞ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ስለዚህ ለላይኛው ንብርብር አራት እጅ ቀይ አፈር ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ቀላቀልን። የሣሩ ሥር ያለበትን የላይኛውን ጥቁር አፈር ግን ከዚህ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ ሥሩ ሲበሰብስ መሬቱ እየሰመጠ ይሄዳል። እሱ ገፈፍ ተደርጎ ወደ ጎመኑ መደብ ሄደ፤ በዚህ ባለቤቴ ደስ ብሏታል።

ስለ ውሃው ያስተማሩን በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት ሠርተው ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ አንድ የሰፈራችን ጋሼ ናቸው። ሥራውን ሊያዩ መጥተው፣ በችካልና በገመድ የተሰመረውን ሁሉ በዝምታ ከዞሩ በኋላ፣ «መንገዱን አየሁት፤ ውሃው በየት እንደሚሄድ ግን አላሳየኸኝም» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጫወቻ እኮ ነው፤ መኪኖቹ ሁለት ኪሎ አይሞሉም» ብላቸው፣ «ዝናቡ የመኪናህን ክብደት አይጠይቅም» ብለው ውሃ ልክ አምጣ አሉኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የመሬቱ ሥራ ኃላፊ እሳቸው ሆኑ።

ነገሩ ቀላል የማይሆንበት ምክንያት አለው። አትላንታ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አታንስም፤ ልዩነቱ የአዲስ አበባው ዝናብ በአብዛኛው በክረምት ሲጠቃለል የዚህኛው ዓመቱን ሙሉ መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ «በጋ ሲሆን እንሠራለን» የሚባል ነገር የለም። በጋሼ ትእዛዝ ሜዳው በሙሉ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ አንድ ወገን እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ። ይህ ለዓይን አይታይም፣ መኪናውም አያውቀውም፤ ውሃው ግን ያውቀዋል። በዝቅተኛው ወገን ደግሞ ቦይ ተቆፍሮ፣ የተበሳሳ ቱቦ ተዘርግቶበት፣ በጠጠር ተሞላ። ከቤቱ ጣሪያ የሚወርደው ውሃም ወደ ሜዳው እንዳይመጣ የአሸንዳው መውረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። አንድ ነገር ግን ጋሼም ያሰቡት ሳይሆን ልጄ ያየው ነው፤ መንገዱን ከመንገድ የሚለየው ጠርዝ ውሃውን እንደ ግድብ ይይዘዋል። ቁልቁለቱ የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ ጠርዙ ዝቅ ባለው በኩል ማምለጫ ካልተተወለት እያንዳንዱ ኩርባ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ በየዝቅተኛው ቦታ ላይ ከጠርዙ ሥር አንዲት ጠባብ መውጫ ትተናል።

አፈርን መጠቅጠቅ አውድማ እንደ ማዘጋጀት ነው፤ አውድማ የሠራ ሰው መሬቱ በደረቁ ቢደበደብ እንደማይጠብቅ፣ በጭቃው ቢደበደብም እንደማይጠብቅ ያውቃል። ትክክለኛውን እርጥበት የሚለየው እጅ ነው። አፈሩ በእፍኝ ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርጹን ከያዘ፣ ከጉልበት ከፍታ ሲጣል ደግሞ ወደ ጥቂት ቁርጥራጮች ከተከፈለ ደርሷል ማለት ነው፤ ከተበተነ ውሃ ይጨመርበታል፣ መሬት ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ፀሐይ ይጠበቅለታል። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ይነጠፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የመጠቅጠቂያው ምት ታችኛው አፈር ላይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። እንዲህ ያለው መሬት በመጀመሪያው ቀን ያምራል፣ ቆየት ብሎ ግን ጎማ በሚበዛበት ቦታ ይሰረጎዳል። መጠቅጠቂያ ማሽን መከራየት ይቻል ነበር፤ ይሁንና ከአራት ማዕዘን ብረትና ከረጅም እጀታ የተሠራው የእጅ መጠቅጠቂያ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ይበቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ የእኅቴ ልጆችም ጉልበት ነበራቸው።

የመንገዱ ቅርጽ በወረቀት ላይ ሲሣል ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው፤ ነጂው ግን የሚያየው ከአንድ ጎን ቆሞ ነው። አብዛኛው የጓሮ መወዳደሪያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መኪናው ከነጂው ሲርቅ ግራው ግራ ነው፤ ወደ ነጂው ሲመጣ ግን መሪው ይገለበጣል፣ ጣት ወደ ግራ ሲል መኪናው በነጂው ዓይን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን የለመደ ሰው አያስብበትም፤ ጀማሪ ግን ሁልጊዜ የሚጋጨው እዚያ ነው። ስለዚህ ጠባቡንና አስቸጋሪውን ኩርባ መኪናው ወደ ነጂው በሚመጣበት ቦታ ላይ አላደረግነውም። መቆሚያውን ማማ ከእንጨት 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገን በምዕራብ በኩል አቆምነው፤ የምንወዳደረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ፀሐይዋ ከጀርባችን ትሆናለች። ረጅሙ ቀጥታ ከማማው ፊት ለፊት ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ ወደ ማማውም ወደ ጎረቤት አጥርም አያነጣጥርም። ሁለት ኪሎ የሚጠጋ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ቁርጭምጭሚት ቢመታ ጨዋታው ሆስፒታል ያልቃልና፣ በቀጥታው መጨረሻ ላይ አሮጌ ምንጣፍ የተጠቀለለበት ጣውላ ቆሟል። አፈር ከመደልደሉ በፊት ደግሞ መንገዱ በሙሉ በገመድ ብቻ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ተነድቶበታል፤ ገመድ ማንቀሳቀስ አፈር ከማንቀሳቀስ ይቀላል።

ዝላዮቹን በተመለከተ ልጆቹ በቁመት፣ እኔ በርዝመት ስንከራከር ከረምን። መኪናው ከዝላዩ ጫፍ ሲለቅ የሚሄድበት ርቀት የሚወሰነው በፍጥነቱና በዳገቱ አንግል ነው፤ በተለይ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ መኪና በ20 ዲግሪ ዳገት ላይ ቢነሣና በተነሣበት ከፍታ ላይ ቢያርፍ 4 ሜትር ከፍ ያለ ርቀት ይዘላል። ፍጥነቱ ወደ 10 ሜትር ቢያድግ ግን ርቀቱ ከ6 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ፍጥነት በሩብ ሲጨምር ዝላዩ ከግማሽ በላይ ይረዝማል ማለት ነው፤ ጀማሪና የለመደ ሰው አብረው የሚነዱበት ቦታ ላይ አንድ ማረፊያ ለሁለቱም የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የተስማማንበት መፍትሔ በዝላዩና በማረፊያው መካከል ያለውን ጉድጓድ ሞልቶ ከላይ ጠፍጣፋ ማድረግ ነበር፤ የለመደው በአንድ ዝላይ ተሻግሮ ቁልቁለቱ ላይ ያርፋል፣ ያልለመደው ጠፍጣፋው ላይ አርፎ ሳይገለበጥ ይቀጥላል። የማረፊያው ቁልቁለት ከመነሻው ዳገት ትንሽ ለዘብ ይበል፤ መኪናው ቁልቁለት ላይ ሲያርፍ ሾክ አብዞርበሩ የሚችለው ምት፣ ደልዳላ መሬት ላይ ሲያርፍ የፊት እግሩን ይሰብረዋል። የመነሻው ዳገት ጫፍም ወደ ላይ መታጠፍ የለበትም፤ ጫፉ ከታጠፈ የኋላውን ጎማ ያነጥረውና አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል።

አየር ላይ ያለ መኪና ምንም ማድረግ የማይቻል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ነዳጅ ሲሰጠው (ባትሪ ቢሆንም እኛ ነዳጅ መስጠት ነው የምንለው) ጎማዎቹ በፍጥነት ወደ ፊት ስለሚሽከረከሩ አካሉ በተቃራኒው ይዞርና አፍንጫው ይነሣል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አፍንጫው ይወርዳል። ልጄ ይህን በትምህርት ቤት የማዕዘናዊ እንቅስቃሴ ትምህርት ሳይደርስበት በጣቱ ተምሮታል፤ ትምህርቱ ሲመጣ አስተማሪውን ያስቸገረ ይመስለኛል።

ለጠርዝ የተጠቀምነው ጥቁሩን፣ ባለ ሽንሽኑን የፕላስቲክ የውሃ ማስወገጃ ቱቦ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በጥቅል ይሸጣል። እንጨትና ጡብ የመኪናውን እግር ይሰብራሉ፤ ቱቦው ግን ሲመታ እሺ ይላል። በየሜትሩ በረጃጅም ሚስማር ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ የሚስማሩ ራስ ከቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር እንጂ ከላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። የቱቦው ጫፍ መሬት ውስጥ ካልተቀበረ መኪና አፉ ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል።

ከተሠራ በኋላ ያለው ሥራ ውሃ ማጠጣት ነው። የደረቀ ቀይ አፈር አቧራው ሰውንም ሞተሩንም ይጎዳል፣ ጎማም አይዝም። ከመወዳደራችን በፊት ባለው ምሽት በደንብ ይጠጣል፤ ጠዋት ላዩ ሲጠነፍፍ በመጥረጊያ ይጠረግና ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ርጭት ይደገማል። መኪኖቹ ሲመላለሱ መስመራቸው እየጠቆረና እየተወለወለ ይሄዳል፤ ከዚያ መስመር የወጣ ጎማ ወዲያው ይንሸራተታል። አቧራን ለመያዝ ካልሲየም ክሎራይድ የሚበትኑ ክለቦች አሉ፤ ጨው ስለሆነ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ነገር ግን ብረትን ያዝጋል፣ ተክልንም ይጎዳል። ጎመኑ አጠገብ ስላለ እኛ ጋ አይታሰብም።

ስለ ባትሪ ባጭሩ ልናገር። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ በእያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ሲደርስ ሞልቷል፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ተበላሽቷል፤ የማይነዳበት ሳምንት ከሆነ በ3.8 ቮልት ገደማ ይቀመጣል። ያበጠ ባትሪ አይሞላም። የሚሞላው ጋራዥ ውስጥ በሲሚንቶው ወለል ላይ፣ እሳት በሚችል ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ ሰው አጠገቡ እያለ ነው፤ ይህ ደንብ ለእንግዳም አይላላም።

ውድድሩ ራሱ አምስት ደቂቃ ነው። ውድድሩን የጨረሰው ነጂ ወዲያው ከማማው ወርዶ የሚቀጥሉትን ሰዎች የተገለበጠ መኪና ያነሣል፤ በክለቦችም የተለመደው ሥርዓት ይኸው ነው። አንሺው የሚያልፉትን መኪኖች አሳልፎ ነው የሚገባው፤ የተነሣውም መኪና መንገዱ ነፃ ሲሆን ነው የሚለቀቀው። ዙሩን የሚቆጥሩት ጋሼ ናቸው፤ ቡናቸውን ይዘው ከማማው ሥር በወንበር ይቀመጣሉ፣ ብዕርና ደብተራቸውን ማንም በስልክ ሊተካባቸው አልደፈረም። ውሳኔያቸው ይግባኝ የለውም፤ አንድ ጊዜ የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ አንድ ዙር ቀነሱብኝ እኮ» ቢላቸው፣ «አቋርጠህ ያለፍከውን ኩርባ መልስልኝና እመልስልሃለሁ» አሉት።

የጆርጂያ ክረምት (የብርዱ ወራት) ለአፈሩ የራሱ ጣጣ አለው። ሌሊት ሲበርድ አፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ ቀጭን መርፌ ወደ ላይ እየቀዘቀዘ ላዩን ያነሣዋል፤ ቀን ሲሞቅ የተነሣው አፈር ልል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በመጋቢት የላይኛው ንብርብር ተጭሮ፣ እንደገና ረጥቦ፣ እንደገና ይጠቀጠቃል። ቱቦው የሚነቀልበትና የመንገዱ ቅርጽ የሚለወጥበት ጊዜም ያ ነው። ልጆቹ ዘንድሮ አቅጣጫውን ብቻ ገልብጠን በተቃራኒው እንንዳ ብለው ነበር፤ ነገር ግን የማረፊያው ቁልቁለት ለመነሻነት ለዘብ ያለ ስለሆነ ሁለቱ ዝላዮች ፈርሰው መሠራት አለባቸው። የሚያስፈልገው አፈር በጋራዡ ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ጋሼም የመጀመሪያው ሞቃት ቅዳሜ ሲመጣ ውሃ ልኩን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውናል።